ቅዳሜ በሩ ይከፈት፦ የእምነት መሠረት ያለው የወጣቶች የኪነ ጥበብና የትምህርት ድርጅት ለመመሥረት

በዚያ ቅዳሜ ሁለት ልጆች ብቻ መጡ። ከዚያ በፊት 14 ነበሩ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። በመሃል ሁለት ቅዳሜ ዘግቻለሁ፤ አንዱን ሰርግ ስለነበረብኝ፣ ሌላውን ደክሞኝ። ለማንም አልተናገርኩም። በሩ ላይ ወረቀት እንኳን አልለጠፍኩም። ከመጡት ሁለት ልጆች አንዷ የ9 ዓመት ልጅ ነበረች። ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች፣ «ቲቸር፣ እርስዎም የሄዱ መስሎን ነበር» አለችኝ።

«እርስዎም» አለች። ያቺ «ም» ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳችኝ። ከእኔ በፊት ስንት ሰው መጥቶ እንደሄደ በአንድ ፊደል ነገረችኝ።

ይህ ከሆነ 9 ዓመት አለፈው። የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ በአምልኮ ቀን ደግሞ ከመዘምራን ጋር ኪቦርድ እጫወታለሁ። ያ የቅዳሜ ክፍል ዛሬ ሕጋዊ ድርጅት ሆኗል። ሙዚቃ፣ ሥዕልና የትምህርት ድጋፍ እንሰጣለን። «እኛም ልንጀምር ነው፣ ከየት እንነሳ?» የሚሉኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ቦርድና ስለ ገንዘብ ነው። ሁሉም ያስፈልጋል። የሚያስፈልገው ግን ለአንድ ነገር ነው፤ ልጁ በቀጠሮው ቀን ሲመጣ በሩን ክፍት እንዲያገኘው። ከዚህ በታች ያለውን በዚህ ዓይን አንብቡልኝ።

ከወረቀቱ በፊት

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ፈቃድ ነው። ማኅተም ያስቀርጻል፣ ሎጎ ያሠራል፣ ቲሸርት ያሳትማል። ልጅ ግን የለም። የእኔ ምክር ተቃራኒው ነው። በቤተ እምነታችሁ ጥላ ሥር፣ በእሱ ሕጋዊ ስም፣ ለ3 ወር አንድ ክፍል ብቻ አስተምሩ። ከ10 እስከ 15 ልጅ ይበቃል። በ3 ወር ውስጥ ሥራውን ትወዱት እንደሆነ፣ አካባቢው ይፈልገው እንደሆነ፣ አብሯችሁ የሚዘልቀው ማን እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኛ ስንጀምር 9 ጓደኛሞች ነበርን። በ12ኛው ሳምንት የቀረነው 3 ነን። የሄዱት ክፉዎች አልነበሩም። ሐሳቡን ወደዱት እንጂ ሳምንታዊ ድካሙን አልቻሉትም።

ሰዓቱን እናንተ አትምረጡ፤ የልጆቹን ኑሮ ጠይቁ። ሮበርት ሬይክስ እ.ኤ.አ. በ1780 እንግሊዝ አገር ግሎስተር ከተማ ለድሃ ልጆች የሰንበት ትምህርት ቤት ሲያስጀምር እሁድ የሆነው ያለ ምክንያት አልነበረም። ልጆቹ ሌላውን ቀን ሥራ ላይ ነበሩ። ማንበብ የሚማሩበት ትርፍ ቀን እሁድ ብቻ ነበር። እኛ መጀመሪያ ጠዋት 3 ሰዓት አልን። ወንዶቹ መጡ፣ ሴቶቹ ግን አልመጡም። ስንጠይቅ ጠዋት ልብስ የሚያጥቡትና ታናናሾቻቸውን የሚይዙት እነሱ ናቸው። ወደ ቀኑ 8 ሰዓት አዛወርነው። «ታናናሾቻችሁንም ይዛችሁ ኑ» አልን፤ በአዳራሹ ጥግ ምንጣፍ አነጠፍንላቸው፣ እርሳስና ወረቀት ሰጠናቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሴቶቹ ቁጥር ከወንዶቹ እኩል ሆነ።

ሙዚቃ፣ ቲያትር፣ ሥዕልና ዳንስ በአንድ ጊዜ አትጀምሩ። የሚዘልቅ አስተማሪ ያላችሁበትን አንዱን ምረጡ። ምንም መሣሪያ ከሌላችሁ መዝሙር አለ፤ ድምፅ ገንዘብ አያስወጣም። መሣሪያ ስላነሰን ብላችሁም አትቅሩ። በኮንጎ ዋና ከተማ ኪንሻሳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 አርማንድ ዲያንጊየንዳ የኪምባንጉ ቤተ ክርስቲያንን የሲምፎኒ ኦርኬስትራ ሲመሠርት ተጫዋቾቹ ጥቂት ቫዮሊኖችን በተራ ይለማመዱ ነበር። ክር ሲበጠስባቸው የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ያስሩ እንደነበር ራሳቸው ይናገራሉ። ያ ኦርኬስትራ ዛሬም አለ። የእኛ የመጀመሪያ ኪቦርድ ስጦታ ነበር። 61 ቁልፍ ያለው ሲሆን መሃል ላይ ያለችው ሶል የምትባለው ድምፅ ቁልፍ አትሠራም። ስኬል፣ ማለትም ዶ፣ ሬ፣ ሚ እያልን ድምፆቹን በተራ ስንጫወት፣ እዚያ ስንደርስ ልጆቹ ራሳቸው ያችን ድምፅ በአፋቸው ይሞሏት ነበር። ጆሯቸውን እንደዚያ ያሠለጠነ ሌላ ነገር አላየሁም።

ስም

ስም ስታወጡ አንድ ነገር አስቡ። ልጁ መንገድ ላይ ጓደኛውን ያገኛል። «ወዴት ነህ?» ይለዋል። የድርጅታችሁን ስም ሳያፍር መጥራት ይችላል? «የችግረኛ ልጆች መርጃ» የሚል ስም ለጋሽ ሊያባብል ይችላል፤ ልጁን ግን በየሳምንቱ አንገቱን ያስደፋዋል። የሚሠራውን የሚናገር ስም ምረጡ። የሙዚቃ ቤት፣ የሥዕል ቤት፣ የንባብ ቤት ይሁን። በተቋቋማችሁበት ሰነድ ላይ «የማኅበራዊ አገልግሎት ተጠቃሚ ያልሆኑ ወጣቶች» ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። ታፔላው ላይ ግን አይውጣ።

ስለ እምነቱ በግልጽ

ይህን ክፍል ብዙ ሰው አድበስብሶ ያልፈዋል። አንዳንዱ ለጋሽ እንዳይሸሽ እምነቱን ይደብቃል። አንዳንዱ ደግሞ ልጁን በመሣሪያ አባብሎ ወደ አምልኮ ሊያስገባ ያስባል። ሁለቱም ልክ አይደለም።

እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው። አንድ ገጽ ጻፍን። መሥራቾቹ አማኞች መሆናችንን፣ ክፍሉ በ3 ደቂቃ ጸሎት እንደሚከፈት፣ መጸለይ የማይፈልግ ልጅ ዝም ብሎ መቀመጥ ወይም ከጸሎቱ በኋላ መግባት እንደሚችል፣ መመዝገቢያ ቅጹ ሃይማኖት እንደማይጠይቅ፣ የትኛውም ትምህርትና መሣሪያ በአምልኮ መገኘት ላይ እንደማይመሠረት ገለጽንበት። ገጹን ለእያንዳንዱ ወላጅ እናነብለታለን። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 14 የልጁን የሃይማኖት ነፃነት፣ አንቀጽ 31 ደግሞ በባህልና በኪነ ጥበብ ሕይወት የመሳተፍ መብቱን ይጠብቃል። ሁለቱንም መብት በአንድ ክፍል ውስጥ ማክበር ይቻላል።

አንዲት ሙስሊም እናት ልጇን ይዛ መጥታ በር ላይ ቆመች። «ሃይማኖቱን ልታስቀይሪብኝ ነው?» አለችኝ። ገጹን አነበብኩላት። የምንዘምራቸውን መዝሙሮችና የምንጫወታቸውን ዓለማዊ ሙዚቃዎች ዝርዝር አሳየኋት። «የማይሆንሽን ምልክት አድርጊበት» አልኳት። በእስክሪብቶ 4 ላይ ምልክት አደረገች። ልጇ እነዚያ 4 ሲዘመሩ የኖታ ማስቀመጫዎቹን ያስተካክል ነበር። ዛሬ 16 ዓመቱ ነው፣ ትንንሾቹን ከበሮ ያስተምራል። እናቱ በዓመት አንዴ መጥታ ዝርዝሩን እንደገና ታያለች፤ ሁልጊዜም እናሳያታለን።

«ታዲያ እምነቱ ምን ይጠቅማል?» የሚል አለ። እኔን በደከመኝ ቅዳሜ ከአልጋ የሚያስነሳኝ እሱ ነው። ያለ ደመወዝ ለዓመታት የሚመጡትን በጎ ፈቃደኞች ያመጣልን እሱ ነው። ጸሎታችንን ሳንደብቅ፣ ልጁም ሳይገደድ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር እንችላለን።

ልጆቹን መጠበቅ

ከመሣሪያ በፊት፣ ከሥርዓተ ትምህርት በፊት የሕፃናት ደኅንነት መመሪያ ይኑራችሁ። በእምነት ቤት ውስጥ ይህ በተለይ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም እርስ በርስ እንተማመናለን። «እሱማ ጸሎተኛ ሰው ነው» እንላለን። ልጅን ሊጎዳ የሚፈልግ ሰው የሚፈልገው እንዲህ ያለ መተማመን ነው።

የእኛ ሕጎች አጫጭር ናቸው። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን አይሆንም፤ የግል የመሣሪያ ትምህርትም በሩ ክፍት ሆኖ፣ ሌላ አዋቂ በሚያይበት ቦታ ይሰጣል። ከልጅ ጋር በስልክ የሚደረግ መልእክት ወላጅ ባለበት ግሩፕ ውስጥ ብቻ ነው። ልጅን በግል መኪና ብቻውን የሚያደርስ የለም። ጣት ለማስተካከል ወይም የቫዮሊን ቀስት አያያዝ ለማሳየት ልጅን መንካት ካስፈለገ መጀመሪያ «እጅህን ልያዘው?» ተብሎ ይጠየቃል። አዲስ በጎ ፈቃደኛ ከመጀመሩ በፊት ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያቀርባል፤ የሚያውቁት ሁለት ሰዎችም ይጠየቃሉ። ደብዳቤ ብቻ አትቀበሉ፤ ደውሉ። በስልክ ላይ ዝምታም መልስ ነው።

አንድ ጎበዝ ጊታር ተጫዋች ነበር። ዕድሜውም ዝናውም የሚከበር። ማስረጃ ስንጠይቀው ከፋው። «እኔኮ የታወቅኩ ሰው ነኝ» አለ። እኛም ሕጉ ለሁሉም ነው አልነው። አልተመለሰም። ጊታር ክፍሉ 7 ወር ተዘጋ። ብዙ ሰው ወቀሰኝ። ምንም ጥፋት ላይኖርበት ይችላል። ለአንድ የታወቀ ሰው የተነሳች ሕግ ግን ለቀጣዩ ትነሳለች።

አንድ ልጅ የሆነ ነገር ቢነግራችሁስ? ረጋ ብላችሁ ስሙት። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። አትመርምሩት፣ ጥያቄ አታብዙበት። ያለውን በራሱ ቃላት ጻፉ፤ ቀኑንና ሰዓቱን አስፍሩ። በዚያው ቀን ለደኅንነት ኃላፊያችሁ፣ ከዚያም ለሚመለከተው የሕግ አካል አሳውቁ። «የቤተ እምነቱ ስም ይጎድፋል» ተብሎ በሽምግልና የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። የደኅንነት ኃላፊው መሥራቹ ባይሆን ይሻላል፤ ቅሬታው በመሥራቹ ላይ ቢሆንስ?

አዳራሹና ቁልፉ

የእምነት ተቋም አዳራሽ በነፃ ይሰጣል፤ ትልቅ በረከት ነው። ስምምነቱ ግን በቃል ብቻ አይቅር። እኛ ሁለት ዓመት በቃል ሠራን። ከዚያ የአዳራሹ አስተዳደር ተቀየረ። አንድ ቅዳሜ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ ቁልፌ አልገባ አለ። ደግሜ ሞከርኩ። መቆለፊያው አዲስ ነው። ከኋላዬ ልጆቹ አንድ በአንድ እየመጡ ተሰለፉ፤ ማንም አልተናገረም። ደወልኩ፤ ስልኩ አይነሳም። ኪቦርዱም መጻሕፍቱም ውስጥ ናቸው። ያን ቀን ደጃፉ ላይ ደረጃው ላይ ተቀምጠን በጭብጨባ ተማርን። ትንሽ አካፋ። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም።

በሚቀጥለው ሳምንት የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረምን። ቀንና ሰዓት፣ መብራትና ውሃ የሚከፍለው፣ የተሰበረ የሚያሠራው፣ ቀብር ወይም ጉባኤ ሲደርስ የሚሰጠን ተለዋጭ ክፍል፣ ዕቃ የምናስቀምጥበት የሚቆለፍ ሳጥን፣ ውሉን ለማቋረጥ የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። አስተዳደሩም ቅር አላለውም፤ እንዲያውም «ይህን ቀድሞ አለማድረጋችን ጥፋታችን ነው» አሉን። ቁልፉ አሁን በ3 ሰው እጅ ነው።

ስለ ጎረቤትም አስቡ። ካቶሊካዊው ቄስ ዶን ቦስኮ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ጣሊያን አገር በቱሪን ከተማ የሰበሰባቸውን ልጆች ይዞ ከቦታ ቦታ ሲንከራተት የኖረው በከፊል በልጆቹ ጩኸት ነው። በ1846 ቫልዶኮ ውስጥ አንድ ዝቅ ያለ መጋዘን ተከራይቶ እስኪያርፍ ድረስ ደጋግመው አስነስተውታል። ከበሮ ከመጀመራችሁ በፊት የግራና የቀኝ ጎረቤትን አንኳኩ። ሰዓቱን ንገሯቸው፣ ስልካችሁን ስጧቸው፣ የመጀመሪያው ትርኢት ላይ ከፊት አስቀምጧቸው።

ሁለት ሰዓቱ እንዴት ይከፋፈላል

የእኛ ክፍለ ጊዜ 2 ሰዓት ነው። መቀበያና ጸሎት፣ 40 ደቂቃ የትምህርት ድጋፍ፣ አጭር ዕረፍት ከመክሰስ ጋር፣ 50 ደቂቃ ኪነ ጥበብ፣ በመጨረሻ ክብ ሠርተን አንድ ነገር መጫወት። መክሰሷን አትናቁ። የራበው ልጅ ክፍልፋይ አይገባውም።

ትምህርቱንና ጥበቡን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ካደረጋችኋቸው ልጆቹ የመጀመሪያውን 40 ደቂቃ እንደ ቅጣት ያዩታል፤ ዘግይተውም መምጣት ይጀምራሉ። ስለዚህ አንዱን በአንዱ ውስጥ አስገቡ። አንድ የ11 ዓመት ልጅ ነበረን። ክፍልፋይ የሚል ቃል ሲሰማ ጠረጴዛው ላይ ይተኛል። ወረቀቱን አነሳሁና ጭብጨባ ጀመርን። ሙሉ ኖታ 4 ምት፣ ግማሽ 2፣ ሩብ 1። ከዚያ ሩቧን ለሁለት ከፈልናት፤ ስምንተኛ ሆነች። ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ ሩብ እየመታ፣ ግራውን ስምንተኛ እንዲያስኬድ ጠየቅኩት። ተሳሳተ፣ ደገመ፣ ተሳሳተ። በአምስተኛው ይሁን በስድስተኛው እጆቹ ገጠሙ። ቆመ። «ቲቸር፣ ሁለት ስምንተኛ አንድ ሩብ ነው ማለት ነው?» አለኝ። ነው አልኩት። «ታዲያ ለምን እንደዚህ አይሉንም ነበር?» አለ፤ ተቆጥቶ ነው ያለው። ከ20 ዓመት በላይ ሒሳብ አስተምሬ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ንባብም እንዲሁ ነው። የመዝሙሩን ግጥም በቃል አታስጠኑ፤ ጽፋችሁ ስጡ። ማንበብ የሚያፍር ልጅ ሲዘምር ያነባል። ሥዕል ክፍል ውስጥ ከሥዕሉ ሥር ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ።

ድምፅ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የወንዶች ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በ12 እና በ14 ዓመት መካከል መሰበር ይጀምራል። ያን ጊዜ ከፍ ባለ ድምፅ አታስጨንቋቸው፣ አትሳቁባቸውም። ዝቅ ያለ መስመር ስጧቸው፣ ወይም ለጥቂት ወራት መሣሪያ አስይዟቸው። ብዙ ወንድ ልጅ ከዝማሬ የሚቀረው በዚህ ሰሞን ነው፤ ተመልሶም አይመጣም።

ቫዮሊን ወይም ጊታር የምትገዙ ከሆነ መጠን አለው። ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ የሚባሉት ለልጅ ክንድ የተሠሩ ናቸው። ሙሉውን ለ8 ዓመት ልጅ ብትሰጡት ትከሻው ይጎዳል፣ ልቡም ይሸፍታል። ከመሣሪያው ጋር ትርፍ ክር ግዙ። እኛ ክር ረስተን 4 ጊታር ለአንድ ወር ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ከርሟል።

አብረዋችሁ የሚቆሙት

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል። ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት አስተማሪ መድቡ፤ ዋናና ተተኪ። ተተኪው የሚመጣው ዋናው ሲታመም ብቻ መሆን የለበትም። ልጆቹ እንዲለምዱት ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ ይገኝ። ከደኅንነት ሕጉም ጋር ይገጥማል። እኔ የዘጋኋቸው ሁለት ቅዳሜዎች ተተኪ ቢኖረኝ ኖሮ አይዘጉም ነበር።

ቦርዱ 5 ወይም 7 ሰው ይሁን፤ ድምፅ እኩል እንዳይከፈል ቁጥሩ ጎዶሎ ቢሆን ጥሩ ነው። ዘመዳሞች እንዳይበዙበት። አንድ የሒሳብ ሰው፣ አንድ ሕግ የሚያውቅ፣ አንድ የቤተ እምነቱ ተወካይ፣ አንድ ከልጆቹ ወላጆች መካከል ይካተት። ወላጇን እንደ ማጣፈጫ አታስገቧት፤ ስብሰባውን እሷ በሚመቻት ሰዓት አድርጉት። የእኛ ቦርድ ውስጥ ያለችው እናት በአንድ ስብሰባ ላይ «ትርኢቱን በሥራ ቀን ካደረጋችሁት እኛ አናይም» አለች። ሌሎቻችን ለ1 ሰዓት ስለ አዳራሽ ማስዋቢያ ስንከራከር ይህን ያሰበ አልነበረም።

መሥራች የሆናችሁ፣ ቦርዱ «አይሆንም» እንዲላችሁ ፍቀዱ። ከባድ ነው። እኔ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ልክፈት ብዬ ነበር። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ገንዘብ ያዣችን መነጽራቸውን አውልቀው «ልጄ፣ የመጀመሪያውን ለ6 ወር የሚያቆይ ገንዘብ የለንም» አሉኝ። ተናደድኩ። ልክ ነበሩ።

ምዝገባው

ሕጉ እንደ አገሩ ነው፤ ሥራ የምትጀምሩበትን አገር ሕግ ራሳችሁ አንብቡ። በሁሉም ቦታ የሚጠየቀው ግን ይመሳሰላል። ዓላማ፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ የመሥራቾችና የቦርድ ዝርዝር፣ አድራሻ፣ የሥራ ዕቅድ፣ ድርጅቱ ቢፈርስ ንብረቱ ወዴት እንደሚሄድ። ኢትዮጵያ ውስጥ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አለ፤ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። አሜሪካ ውስጥ 501(ሲ)(3) የሚባለውን ከግብር ነፃ የመሆን ዕውቅና የሚፈልግ ድርጅት በፎርም 1023 ያመለክታል፤ በተቋቋመ በ27 ወር ውስጥ ካመለከተ ዕውቅናው ከተቋቋመበት ቀን ጀምሮ ይቆጠርለታል። ይህ ዕውቅና ያለው ድርጅት ለምርጫ ዕጩ መቀስቀስ አይችልም። አዳራሹን የሰጣችሁ ቤተ እምነት ያለው ዕውቅና ለእናንተ በራሱ አይተላለፍም። ራሳችሁን ችላችሁ ስትመዘገቡ የባንክ ሒሳባችሁም ይለይ።

ገንዘብ

መጀመሪያ የአንድ ቅዳሜን ወጪ ቁጠሩ። መክሰስ፣ ፎቶ ኮፒ፣ የበጎ ፈቃደኞች ትራንስፖርት፣ ክር፣ ቀለም፣ ጽዳት። በዓመት ውስጥ ባሉት ቅዳሜዎች አባዙት። ይህ ቁጥር ከማንኛውም ፕሮፖዛል ይልቅ ይጠቅማል፤ ለሰው ሁሉ የምትናገሩትም እሱን ነው። «የአንድ ቅዳሜን ወጪ ይሸፍኑልን» ስንል ሰው ወዲያው ይገባዋል። ዛሬ የዓመቱ ቅዳሜዎች አብዛኞቹ ባለቤት አላቸው። አንዱ በእናቱ መታሰቢያ ቀን፣ አንዷ በልጇ ልደት ትሸፍናለች።

ከአንድ ለጋሽ ከገቢያችሁ ሲሶ በላይ አትጠብቁ። እኛ በ4ኛው ዓመት አንድ ትልቅ ለጋሽ አግኝተን ግማሹን ወጪ በእሱ ላይ አንጠለጠልን። በዓመቱ አጋማሽ ዕቅዱን ቀየረ። ሦስት ሠራተኛ አሰናበትን። ያን ጊዜ ቅዳሜዋን ያቆዩልን ትንንሾቹ ሰጪዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ የ3 ወር ወጪ ሳይነካ ይቀመጣል።

ለክር የተሰጠ ገንዘብ ለክር ብቻ ይውጣ። ባንክ ላይ ሁለት ፈራሚ ይኑር፤ ሁለቱ ባልና ሚስት አይሁኑ። ትንሿም ወጪ ደረሰኝ ይኑራት። በየ3 ወሩ የገቢና ወጪ ወረቀት አዳራሹ ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን። ወላጆች ቆመው ያነቡታል። የማያነቡትም ልጆቻቸው ያነቡላቸዋል።

ትርኢትና ፎቶ

የመጀመሪያውን ትርኢት በ10ኛው ሳምንት አድርጉ፤ ለወላጆችና ለጎረቤት ብቻ፣ 20 ደቂቃ። እያንዳንዱ ልጅ የሚታይበት አንድ ነገር ይኑረው። ትርኢቱ መካከል የሚያስለቅስ ታሪክ አይነበብ። አንድ ጊዜ እንግዳ አስተዋዋቂ መድረክ ላይ የአንዱን ልጅ የቤት ችግር ተናገረ። ልጁ ክላሪኔቱን አስቀምጦ ወደ ኋላ ሲሄድ አየሁት። ለማስመለስ 5 ሳምንት ፈጀብኝ። ፎቶ የሚነሳው ወላጅ በጽሑፍ ከፈቀደና ልጁ ራሱ እሺ ካለ ብቻ ነው። ልጁ ሲጫወት አንሱት እንጂ እርዳታ ሲቀበል አታንሱት።

ውጤታችሁን ለመለካት መዝገብ ይበቃችኋል። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ለምን ቀረ። ሁለት ጊዜ የቀረ ልጅ ቤት በዚያው ሳምንት ይደወላል ወይም ይኬዳል። ይህን ሥራ ለአንድ ሰው ስጡ፤ ሌላ ምንም አትጨምሩበት።

ባለፈው ዓመት ቀዶ ሕክምና ነበረብኝ። ቅዳሜ ቀን 8 ሰዓት ላይ ሆስፒታል አልጋ ላይ ነበርኩ። 8 ከ5 ሲል ስልኬ ጮኸ። ያቺ እግሯን ታወዛውዝ የነበረች ልጅ ናት፤ ዛሬ የድምፅ ማሞቂያውን የምትመራው እሷ ነች። «ቲቸር፣ ከፍተናል» አለችኝና ስልኩን ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠችው። አዲስ ኪቦርድ ከገዛን ቆይተናል፤ ለማሞቂያ ግን አሮጌውን አይለቁትም። ስኬሉ ተጀመረ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ። ሶል ላይ ሲደርስ ኪቦርዱ ዝም አለ፣ ልጆቹ ዘመሯት።